አንድ ጊዜ ብቻ የሚባል ቅኔ

ንጉሣዊው መንግሥት በነበረበት ዘመን ትምህርት ቤት የገባ ሰው ሁሉ የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን ግጥም በቃሉ ያውቃል። ጠዋት ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል በሰልፍ ቆሞ ዘምሮታል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የተሰማው ያ ብሔራዊ መዝሙር በ1967 ሲለወጥ፣ የጣልያን አምስት ዓመት ሲቀነስለት፣ አርባ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶት ነበር። ዜማው የአርመናዊው የሙዚቃ ሰው የኬቮርክ ናልባንዲያን ነው፤ ቃሉ የዮፍታሔ። ማን እንደ ደረሰው ሳይጠይቁ ዘምረውት ያደጉ ብዙ ናቸው።

የዮፍታሔን ስም የሚያውቀውም ሰው ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣቸው በዚሁ መዝሙር ነው። እኔ ማንሣት የፈለግኩት ሌላውን ዮፍታሔን ነው፤ የመድረኩን። የአማርኛ ቴአትር ገና መጠሪያ ስሙ እንኳ ባልጸናበት ጊዜ ተውኔት ደርሰዋል፣ ለተውኔታቸው መዝሙር ጽፈዋል፣ ተማሪዎችን አስጠንተው መድረክ ላይ አቁመዋል። ይህን ሁሉ ሠርተው ሳለ ዛሬ ተውኔታቸውን የሚያነብ ጥቂት ነው፤ መድረክ ላይ የሚያቆመው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ይህ የእኛ ዝንጋኤ ብቻ አይመስለኝም። ዮፍታሔን ያሳደጋቸው፣ ትልቅም ያደረጋቸው ጥበብ ራሱ ለመረሳት የሚያጋልጥ ጠባይ አለው። ይህን ለመረዳት ከአዲስ አበባው መድረክ በፊት ደብረ ኤልያስን ማየት ያስፈልጋል።

ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ የምትገኝ የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ናት፤ ወረዳዋ በደቡብ በኩል ዓባይን ይዋሰናል። ዮፍታሔ የተወለዱት እዚህ ነው፣ በ1880ዎቹ አጋማሽ። ያን ጊዜ የደብረ ኤልያስ ስም የሚታወቀው በነቢዩ ኤልያስ ደብርና በቅኔ ጉባኤው ነበር። ከቢቸና ብዙም የማትርቀው ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ደብረ ኤልያስ፣ እነዚህ አኮፋዳውን ያነገተ ተማሪ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚዞርባቸው የእውቀት አደባባዮች ናቸው። ከአንድ ትውልድ በኋላ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በነዚሁ ደብሮች ዞረዋል፤ ደብረ ኤልያስም ተምረዋል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህን እንደዚያ አድርገው መሳል የቻሉት ያን ኑሮ ራሳቸው ኖረውት ስለነበር ነው። አንዲት የገጠር ደብር ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎችን ማብቃቷ እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

የቅኔ ቤት ምን እንደሚያስተምር ዛሬ በዘመናዊ ትምህርት ያለፈ ሰው በቀላሉ አይገምተውም። ብዙዎቻችን ቅኔን እንደ ጽሑፍ ነው የምናስበው፤ ግእዝ ግጥም፣ ሰምና ወርቅ ያለው፣ በመጽሐፍ የታተመ። በቅኔ ቤት ግን ቅኔ ከጽሑፍ ይልቅ ድርጊት ነው። ተማሪው ለምዱን ደርቦ ዛፍ ሥር ወይም አጥር ጥግ ይቀመጥና ብቻውን ያጉረመርማል። ቆጠራ ላይ ነው። ቃል ያወጣል፣ ቃል ይጥላል፣ ቤት ይመታል፤ ወረቀት ግን በእጁ የለም። ሲደርስለት የኔታ ፊት ቆሞ ይቀኛል። የኔታ ያርሙታል፣ አንዳንዴ ከነጭራሹ ያፈርሱበታል፤ ጓደኞቹ በዙሪያው ሆነው ይሰማሉ። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እያለ እያለ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። የኔታም በበኩላቸው ነገራ ይሰጣሉ፤ የራሳቸውን ቅኔ ተናግረው፣ ሰሙን ከወርቁ ለይተው ያሳያሉ።

ከዚህ የሚገኘውን ሥልጠና እንቁጠረው። ድምፅ ማውጣት፣ በሰው ፊት ቆሞ አለመፍራት፣ ረዥም ቃል በአእምሮ መያዝ፣ ሰሚው ሲገባውና ሳይገባው ከፊቱ ማንበብ፣ የት ላይ ዝም ብሎ የት ላይ ማንሣት እንደሚገባ ማወቅ። ዛሬ የቴአትር ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ዓመታት ፈጅቶ የሚማረው ይኸው ነው። የደብረ ኤልያስ ልጅ ጢሙ ሳያቀመቅም ይማረዋል።

አንድ ሌላ ሕግ አለ፣ ለዚህ ጽሑፍ ዋናው እሱ ነው። በቤተ ክርስቲያን አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ ሌላ ቀን ተመልሶ አይባልም። ለበዓሉ፣ ለዕለቱ፣ ለቦታው፣ ከፊት ለቆመው ሰው አዲስ ቅኔ ይፈለጋል። የትናንቱን ያመጣ ይታወቅበታል፤ የሌላውን የደገመማ ያፍራል። ባለቅኔ ቅኔውን ይዘርፋል፣ ሊቃውንቱ ያደንቁለታል፣ ከዚያ አለቀ። የሰማ ሰው በልቡ ከያዘው ይቆያል፤ ካልያዘው ይጠፋል። ባለቤቱ ስለ መጥፋቱ አይጨነቅም፤ ነገ ሌላ አለውና።

«ቀኝ ጌታ» የሚለውን ማዕረግም አለፍ ብሎ መሄድ አይገባም። ዛሬ ስንሰማው የጥንት ባላባት ማዕረግ ይመስለናል። የመጣው ግን ከማኅሌት ነው። ደብተራዎቹ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በሁለት ወገን፣ በቀኝና በግራ ይሰለፋሉ፤ ከበሮው በመካከላቸው ነው። አንዱ ወገን ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል። ዜማው ከዝግታ ተነሥቶ ወረቡ እየሞቀ ሲሄድ እግር፣ ትከሻና መቋሚያ በአንድነት ይንቀሳቀሳል። ግራውን የሚመራው ግራ ጌታ ነው፤ ቀኙን የሚመራው ቀኝ ጌታ። እንግዲህ ዮፍታሔ አዲስ አበባ ሲገቡ ይዘውት የገቡት ማዕረግ ብዙ ሰው በአንድ ድምፅና በአንድ እርምጃ የመምራት ሙያ ስም ነበር። ኋላ ተማሪዎችን በመድረክ ላይ አሰልፈው ሲያዘምሩ አዲስ ሙያ አልጀመሩም።

አንዲት ነገር በዚህ አጋጣሚ ትነሣ። ጎጃም ውስጥ በቅኔ ትውፊት ከሁሉ በላይ ከሚወሱት ሊቃውንት አንዱ ተዋነይ ዘጎንጅ ነው። ዛሬ መድረክ ላይ የሚወጣውን ሰው «ተዋናይ» የምንለው፣ የሚሠራውንም «ተውኔት» የምንለው የግእዝ ቃልና የዚህ ሊቅ ስም ሥራቸው አንድ ነው፤ ተዋነየ፣ ተጫወተ። ቅኔና ጨዋታ በጎጃም ምድር በስም ደረጃ እንኳ ዘመዳሞች ናቸው።

ዮፍታሔ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ከተማዋ የነዚህን ነገሮች ዝምድና አታውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞታል፤ ጥላ በግድግዳ ላይ ሲሮጥ ማየት ለአማኙ እንግዳና አስፈሪ ነበርና። አዝማሪ ይዘፍናል፣ ግን ጨዋ ልጁን አዝማሪ አያደርግም። ቴአትር የሚባለው ነገር ደግሞ ከውጭ ነው የመጣው። ሩሲያ ተምረው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔታቸውን በቴራስ ሆቴል ለመኳንንቱ አቀረቡ። በእንስሳት ምሳሌ የቤተ መንግሥቱን ብልሹ አሠራር የሚነካ ሥራ ስለነበረ አልተወደደም። ከዚያ በኋላ ንግሥቲቱ በመጋቢት 1922 እስኪያርፉ ድረስ መድረኩ ጸጥ አለ።

ጸጥታው ሲያበቃ ነው ዮፍታሔ የሚመጡት። በአዲስ አበባ በመምህርነት ሠርተዋል፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤትንም መርተዋል። ያን ጊዜ የቴአትር ቤት ተዋናይ የሚባል ሙያ የለም፤ ተዋናዮቹ ተማሪዎች ናቸው፤ የሴቶቹንም ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። መድረኩም የትምህርት ቤት መድረክ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በኩል መላኩ በጎሰውም በዚሁ ሙያ ተሰልፈው ነበር፤ የዘመኑ የአማርኛ ቴአትር በእነዚህ በሁለቱ መምህራን ትከሻ ላይ ቆሟል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመዝሙሩን ዜማ የደረሱት ናልባንዲያን ደግሞ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት አልጋ ወራሽ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ጋር ነበር፤ ልጆቹ የቤተ መንግሥቱ የነፋስ መሣሪያ ባንድ ሆኑ፣ እሳቸው መሪያቸው። በአንድ በኩል የአርመን የሙዚቃ ጆሮ፣ በሌላ በኩል በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ያደገ የደብረ ኤልያስ ደብተራ። ሁለቱ በአንድ ላይ የሠሩት መዝሙር ብቻ አይደለም፤ ለተውኔቶቹም አብረው ደክመዋል። የአማርኛን ግጥም ለባንድ ሰልፍ ምት ማስማማት ቀላል ሥራ አይደለም። አማርኛ የሚጠብቅና የሚላላ ቃል ያለበት ቋንቋ ነው፤ ያለ ቦታው የጠበቀ ቃል ትርጉሙ ይገለበጣል። ይህን የሚያውቅ ጆሮ ያስፈልግ ነበር፤ የቅኔ ቤት ሰው ጆሮ ደግሞ ከዚህ በላይ ምንም አልተማረም።

አሁን ወደ ተውኔቶቹ እንምጣ። «ጥቅም ያለበት ጨዋታ»፣ «ምስክር»፣ «የሆድ አምላኩ ቅጣት»፣ «ያማረ ምላሽ»፣ «እያዩ ማዘን»፣ «ዕርበተ ፀሐይ»፣ «አፋጀሽኝ» ከሥራዎቻቸው መካከል ናቸው። እኔ ርእሶቹን ደጋግሜ አነባቸዋለሁ፤ በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ርእስን እንደ ስም ብቻ አይሰጥም፤ ቋጠሮ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ሰሚው እንዲፈታው።

«ጥቅም ያለበት ጨዋታ» ሲሉ ከማን ጋር እየተከራከሩ ነው? ያን ጊዜ «ጨዋታ» ማለት ቴአትርም ነው፣ ቀልድም ነው፣ ወግም ነው፣ የአዝማሪ ሥራም ነው። የካህናቱ ወገን ጨዋታን ከጥቅም ጋር አያገናኘውም፤ ጥቅም ያለው ጸሎት፣ ትምህርት፣ እርሻ ነው። ዮፍታሔ ራሳቸው የዚያ ወገን ሰው ናቸው። ስለዚህ ርእሱ ለገዛ ወንድሞቻቸው የተሰጠ መልስ ነው፦ ጨዋታ ነው፣ አልካድኩም፤ ግን ጥቅም አለበት። በሦስት ቃል የአንድ ዘመን ክርክር ተቋጥሯል። የአማርኛ ቴአትር ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አስተማሪ ካልሆነ ራሱን እንደ ሙሉ ሥራ የማይቆጥረው፣ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ምክር የሚሰጠው ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ከዚህ ርእስ ይጀምር። መድረኩ በሕይወት ለመቆየት ጥቅሙን ማስመስከር ነበረበት።

«የሆድ አምላኩ ቅጣት» ደግሞ ሌላ መንገድ ይሄዳል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ሆዳቸው አምላካቸው ስለሆነ ሰዎች ይናገራል። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ተመልካች ይህን ቃል በቅዳሴ ሲነበብ ሰምቶታል። ደራሲው ማንንም በስም አልጠሩም፤ የጠሩት መጽሐፉን ነው። በመኳንንቱ መካከል በጉቦ የወፈረ ሰው ቢኖር፣ ይህ እኔን ነው ብሎ ቢቆጣ፣ ሆድ አምላኩ መሆኑን ራሱ መሰከረ ማለት ነው። ቅኔ የሚያስተምረው ድፍረት እንዲህ ያለ ነው። ተክለ ሐዋርያት አውሬዎችን መድረክ ላይ ቢያወጡ መኳንንቱ ተቆጡባቸው። ዮፍታሔ ቅዱስ ጳውሎስን አወጡ፤ በሐዋርያው ላይ ማን ይቆጣል?

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን «አፋጀሽኝ» ነው። ቃሉ በአማርኛ ብቻ የሚቻል ቃል ነው። ፈጀ፣ ተፋጀ፣ አፋጀ፤ እርስ በርስ ማጨራረስ። ተናጋሪው አንድ ሰው ነው፣ የሚወቅሳት ሴት ናት። ሰሙን ብቻ የያዘ ሰው፣ አንዲት ቆንጆ ሰዎችን ስታጣላ ያያል። ተውኔቱ ግን የጣልያንን ወረራ ዘመን በምሳሌ የሚያሳይ ነው። አገር በአማርኛ ሴት ናት፣ እናት ናት፤ ስለዚህ ወርቁ ሲገለጥ የሚሰማው የአገሬው ልጅ ወቀሳ ይሆናል፦ በአንቺ ምክንያት ወንድሜ ባንዳ ሆነ፣ እኔ አርበኛ ሆንኩ፣ አንቺን ወድደን እርስ በርስ ተጨራረስን። በዚህ ወቀሳ ውስጥ ፍቅርም አለ፣ ምሬትም አለ፤ ሁለቱን በአንድ ግስ ውስጥ ማኖር የሚችል ሰው በሙያው ከበሰሉት ነው። ከአምስት ዓመቱ ጦርነት በኋላ ስለ ድል ብዙ ተጽፏል፤ በአንድ ቃል ድሉንም ቁስሉንም የያዘ ርእስ ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ወደዚያ ጦርነት ያደረሰውን መንገድ ዮፍታሔ በብዕራቸው አጅበውታል። ከጣልያን ጋር በወልወል ከተደረገው ግጭት በኋላ ወረራው እንደማይቀር ሲታወቅ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። በንግግር፣ በግጥምና በዘፈን ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተነሣ ማኅበር ነበር፤ ዛሬ ሀገር ፍቅር ቴአትር የምንለው ቤት ከዚህ የተነሣ ነው። አገሪቱ ሊመጣባት ላለው ጦር በቂ አውሮፕላንም መድፍም አልነበራትም፤ የነበራት አንዱ መሣሪያ ቃል ነው። ቃልን ለዕለቱ ማበጀት ደግሞ የደብረ ኤልያስ ሥልጠና ነው። የዚያ ዘመን ግጥሞች ዛሬ ሲነበቡ ቀጥተኛና የሚጮኹ ይመስላሉ፤ ለነገ አንባቢ አልተጻፉማ። የተጻፉት ነገ ለሚዘምተው ሰው ነው።

አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ተያዘች። ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ያለው ዮፍታሔም ከወንድሞቹ ተሰድዶ በባዕድ አገር የኖረ፣ ኋላ ጠላት ሲነሣ ለአገሩ ጦር የተጠራ ሰው ነው። ኢትዮጵያዊው ዮፍታሔም ከስደት የተመለሱት በነፃነት ዘመን ነው። አገሪቱ ግን የተዉአት አልነበረችም። በየካቲት 12 ቀን 1929 በጣልያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተማሩት ወጣቶች እየታደኑ ተገድለዋል። እንደ ዮፍታሔ ላለ መምህር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ አይከብድም፤ ከጦርነቱ በፊት የትምህርት ቤቶቹን መድረክ የሞላው የዚያ ትውልድ ወጣት ነበር። ጽሑፉ በእጅ የተጻፈ፣ ተዋናዩ በቃሉ የያዘ፣ ቤቱ የተዘረፈ ሲሆን፣ የአንድ ቴአትር መዝገብ በአምስት ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደሚመናመን መገመት ይቻላል።

ከነፃነት በኋላ ቀኝ ጌታ ብዙ ዓመት አልተሰጣቸውም። በ1939 ዓ.ም. በሃምሳዎቹ ዕድሜ አረፉ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በሩን የከፈተው በ1948 ነው። ሰፊ መድረክ፣ መብራት፣ ደመወዝ የሚከፈለው ተዋናይ፣ ሙሉ ኦርኬስትራ፣ ዮፍታሔ በተማሪዎችና በጥቂት መሣሪያ ያደረጉት ሁሉ እዚያ በትልቁ ሊደረግ የሚችልበት ቤት ሲከፈት እሳቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሊሆናቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ቴአትርን የለካው በሌላ መስፈሪያ ነው። መንግሥቱ ለማና ፀጋዬ ገብረ መድኅን የውጭውን ቴአትር በቅርብ አይተው ተመለሱ። ገጸ ባሕርይ፣ ግጭት፣ የትልም አካሄድ የሚሉ ቃላት በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ቦታ ያዙ። በዚህ መስፈሪያ ሲለካ የዮፍታሔ ሥራ ይቀላል። ንግግር ይበዛበታል፣ ድርጊት ያንሰዋል፤ ሰዎቹ ሰው ከመሆን ይልቅ የጠባይ ስም ናቸው፤ መዝሙሩ ነገሩን ያቋርጠዋል። ትችቱ ሐሰት ነው አልልም። ለንጉሠ ነገሥቱ የቀረበው ውዳሴም ዛሬ ላይ ሲነበብ ያደክማል፤ ደርግ ከመጣ በኋላ ደግሞ ያ ውዳሴ ራሱ ደራሲውን እንደ ቤተ መንግሥት ሰው አስቆጥሮ ለመተው ምክንያት ሆኗል።

ነገር ግን መስፈሪያው የዓይን መስፈሪያ ነው። ዮፍታሔ የሠሩት ለጆሮ ነው። ተመልካቻቸው ማኅሌት ቆሞ ያደረ፣ በሠርግ ላይ ግጥም ሲመላለስ የሰማ፣ በሙግት አደባባይ ተከራካሪ በምሳሌ ሲረታ ያየ ሕዝብ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰሚ ድርጊቱ ያለው ቃሉ ውስጥ ነው፤ ሰሙ ተይዞ ወርቁ ሲመጣ በልቡ የሚፈጸመው ድንጋጤ የተውኔቱ መፈንዳት ነው። ዘማሪው ቡድን ነገሩን ያቋርጣል መባሉም እንዲሁ ነው። በጥንቶቹ ግሪኮች ዘንድ መዘምራኑ የተውኔቱ ሕሊና ነበሩ፤ ማንም ነገር አቋረጡ አይላቸውም። ቀኝና ግራ ሆኖ የሚቀባበለው የደብተራ ሰልፍ ለዚህ ሥራ የበሰለ ነበር፤ ያንን ወደ ዘመናዊ መድረክ ለማሻገር የሞከረው የመጀመሪያው ሰው ደግሞ ከደብረ ኤልያስ መጣ። ከእሳቸው በኋላ ያንን መንገድ እስከ ጫፉ የሄደበት አላየሁም፤ እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው። የተሻለ ተውኔት ከዚያ በኋላ ተጽፏል። ከራሳችን ማኅሌት የተነሣ የመድረክ ቅርጽ ግን ገና ሳያድግ ቀረ።

ደግሞም የድምፅና የምስል ነገር አለ። በአሜሪካ አንድ ተዋናይ በሕይወት ሳለ ሳይከበር ቢሞት ፊልሙ ይቀራል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ተመልካች አይቶት ይህን ሰው እንዴት ሳናውቀው ቀረን ሊል ይችላል። እኛም ዘንድ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ስላስቀረጹ ዛሬም ግጥማቸውን በገዛ አንደበታቸው እንሰማለን። የዮፍታሔ ሥራ እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም። ተማሪዎቹ በመድረክ ላይ እንዴት እንደቆሙ፣ ዘማሪው ከየት ገብቶ በየት እንደወጣ፣ ተመልካቹ የት ላይ እንዳጨበጨበ የሚያሳይ አንድም ፊልም የለም። በዚህ ላይ የደራሲው ልማድ አለ፤ አንድ ጊዜ ተብሎ የሚተው ቅኔ። ለበዓሉ ጻፉ፣ በበዓሉ ተባለ፣ ለሚቀጥለው በዓል ሌላ ጻፉ። የማተሚያ ቤት ደጅ የሚጠና ሰው የዚህ ጥበብ ልጅ አልነበረም።

እንደዚያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ አልጠፉም፤ ያተረፋቸውም የቅኔ ቤት ልጅ ነው። ገጣሚው ዮሐንስ አድማሱ የቀኝ ጌታን ሕይወትና ሥራ ለዓመታት አሰባስበው አጠኑ። አባታቸው መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ የሊቃውንቱን ቅኔ ሰብስበው በመጽሐፍ ያስቀሩ የቅኔ ሊቅ ናቸው። አባት የተባለውን ቅኔ ከአየር ላይ እንደያዙ ሁሉ ልጅ ደግሞ የተጫወተውን ተውኔት ከሰው ልብና ከቀረው ወረቀት ለቀሙ። ዮሐንስ በ1967 ዓ.ም. በወጣትነት ሞቱ፤ ጥናቱም ከሞቱ በኋላ በወንድማቸው በዶክተር ዮናስ አድማሱ አሰናጅነት ለመታተም በቃ። ስለ ዮፍታሔ ማንኛውንም ነገር መናገር የምንችለው በአብዛኛው በዚህ ድካም ነው። በነገራችን ላይ፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ስንቱ ክፍል እንዲህ በአንድ ቤተሰብ ትጋት ላይ ብቻ እንደተንጠለጠለ ሳስብ ያስፈራኛል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከአማርኛ ቴአትር መሥራቾች በማንም ሁለተኛ አይደሉም፤ ከውጭ የመጣውን ቅርጽ ከአገር ቤት ጆሮ ጋር ለማገናኘት በመሞከር ደግሞ የመጀመሪያው ናቸው። የሚገባቸው ክብር ደግሞ በስማቸው ሐውልት ከማቆም በፊት ሥራቸውን መድረክ ላይ ማቆም ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከደብረ ኤልያስ ቅርብ ነው፤ የቅኔው ትምህርትም በአካባቢው ደብሮች ዛሬም አለ። የቴአትር ተማሪዎችንና የአቋቋም መምህራንን በአንድ አዳራሽ አገናኝቶ «አፋጀሽኝ»ን በዜማው፣ በቀኝና በግራ ሰልፉ ለማየት የሚያስፈልገው ፈቃድና ትዕግሥት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምንህ፤ አንቺንም እንዲሁ። በቅድመ አያቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ በእጅ የተጻፈ የድሮ የትምህርት ቤት ደብተር፣ የተዋናዮች ስም የሰፈረበት ወረቀት፣ ወይም በአምስት ዓመቱ ጦርነት ዋዜማ የተዘመረ ግጥም ካለ አትጣሉት። ወደ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ወይም በአቅራቢያችሁ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ወስዳችሁ አሳዩት። በቤታችሁ ያን ዘመን የሚያስታውስ፣ ከአባቱ የሰማውን የሚያወራ ሽማግሌ ካለ ደግሞ ስልካችሁን አውጡና ዛሬ ማታ ድምፁን ቅረጹ።